ጋዙ ሄዶ ሙያው ሲቀር

የእህቴ ልጅ ከድሬዳዋ የደወለልኝ በምሳ እረፍት ላይ ሳለሁ ነው። ብየዳ ተምሮ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቋል፤ አሁን ሰፈር ውስጥ በርና መስኮት እየበየደ ይውላል። “አቦ ጋሼ፣ አንተ በጋዝ ሥራ ነው የምትኖረው። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ ካሉብ ጋዙ ሲወጣ ለእኛ ሥራ አለው ወይስ ሠራተኛውንም ከውጭ ይዘው ነው የሚመጡት?” አለኝ። ማታ እደውልልሃለሁ ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ማታ ደወልኩ፤ ካርዱ አለቀ እንጂ ነገሩ አላለቀም። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

የምኖረው በኖርዌይ ምዕራብ ጠረፍ፣ ስታቫንገር በምትባል ከተማ ነው። በያጅ ነኝ። ለባሕር ላይ መድረኮችና ለጋዝ ማጣሪያዎች የሚሆን ቧንቧ ስበይድ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል። በሶማሌ ክልል ያለው የካሉብ ጋዝ የሚወጣው ከደረቅ መሬት ነው፤ የእኛ ጋዝ ደግሞ ከሰሜን ባሕር ወለል ሥር ነው የሚወጣው። ልዩነቱን አውቃለሁ። ግን የባሕሩ ጋዝ ለአገሬው ሰው ሥራ ማስገኘት ከየብሱ ይብስ ከባድ ነው። ቁፋሮው ከጠረፍ መቶና ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። መርከቡ የራሱን ሰው፣ የራሱን ምግብ፣ የራሱን መለዋወጫ ይዞ መጥቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ የጠረፉን ከተማ ሰው ሰላም እንኳ ሳይል ሊሄድ ይችላል። እዚህ አገር ያ እንዳይሆን ምን እንዳደረጉ ነው የምናገረው። ዓመተ ምሕረቶቹና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከራሴ ልጀምር። መጀመሪያ ሥራ ልጠይቅ የሄድኩበት ድርጅት ወረቀቴን አገላብጦ መለሰልኝ። ከአገር ቤት ያመጣሁት ዲፕሎማም፣ ልጅ ሆኜ በአባቴ ዎርክሾፕ ያሳለፍኳቸው ክረምቶችም አልተቆጠሩልኝም። ሁለተኛው ድርጅት “ፈተናውን ውሰድ” አለኝ። ሁለት ቁራጭ ቧንቧ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው፣ በ45 ዲግሪ አዘንብለው አሰሩልኝ። በያጆች ሲክስ ጂ እንለዋለን። ቧንቧው ንቅንቅ አይልም፤ የሚዞረው በያጁ ነው። ቆመህ ትጀምራለህ፣ ትንበረከካለህ፣ መጨረሻ ላይ በጀርባህ ተጋድመህ ወደ ላይ እያየህ ትበይዳለህ። ቧንቧውን እንደ ሰዓት ብታስበው፣ ስድስት ቁጥር የሚቆምበት ቦታ ላይ የቀለጠው ብረት ወደ ፊትህ መንጠብ ይፈልጋል። እጅህ ትንሽ ከቸኮለ ብረቱ ሳይዋሃድ ያልፋል፤ ከዘገየ ይበሳል። ከውጭ ሲያዩት ብየዳዬ ያምር ነበር፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ። በማግስቱ ራጁ መጣ። ተቆጣጣሪው ፊልሙን መብራት ላይ አድርጎ በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ ቦታ አሳየኝ፤ ፀጉር የምታክል ጥቁር መስመር። የመጀመሪያው ንብር፣ እኛ ሩት የምንለው፣ በአንድ ወገን ከቧንቧው ጋር አልተዋሃደም። ወደቅኩ።

የሥራ አጥ መሥሪያ ቤቱ ኮርስ ከፍሎልኝ ሦስት ወር ሙሉ ሌት ተቀን ያችን ስድስት ቁጥር ስበይድ ከረምኩ። በሁለተኛው ሙከራ አለፍኩ። ወረቀቱም ቢሆን አንዴ ካገኙት ወዲያ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል አይደለም፤ በዚያው ሥራ ላይ እንደቆየህ አሠሪው በየስድስት ወሩ ካልፈረመበት ይወድቃል።

ይህን የማወራው ስለራሴ ለማውራት አይደለም። “ሥራው ለአገሬው ሰው ይሰጥ” የሚል አዋጅ ብቻውን ያችን ጥቁር መስመር ከፊልሙ ላይ አያነሣትም። ጋዝ በ100 እና በ200 ባር ግፊት የሚያልፍበትን ቧንቧ በዝምድና ወይም በተወላጅነት ማንም አያስበይድም፤ ሊያስበይድም አይገባም። ኩባንያው “የሠለጠነ ሰው የለም” ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ጥያቄው፣ ሰው የሚሠለጥነው መቼ ነው፣ የሚከፍለውስ ማነው የሚለው ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1959 ኔዘርላንድ ውስጥ ግሮኒንገን በሚባል ቦታ እጅግ ትልቅ የጋዝ ክምችት ተገኘ። በማግስቱ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሰሜን ባሕር አዞረ። በ1962 ፊሊፕስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለኖርዌይ መንግሥት ደብዳቤ ጻፈ፤ በወር 160,000 ዶላር እከፍላለሁ፣ የባሕራችሁን ፍለጋ ለእኔ ብቻ ስጡኝ የሚል። ያኔ ኖርዌይ ዛሬ የምናውቃት ሀብታም አገር አልነበረችም፤ የዓሣ፣ የመርከብና የእንጨት አገር ነበረች። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የራሷ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት በጠረፏ ዘይት ይገኛል ብሎ ማሰብ አያስፈልግም ብሎ ነበር። ከሌለ ነገር ላይ በየወሩ ገንዘብ ማግኘት ነው፤ ማን እምቢ ይላል? እምቢ አሉ። በ1963 የባሕር ወለሉ የመንግሥት መሆኑን አወጁ፤ በ1965 ድንበራቸውን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተዋውለው ባሕሩን በካሬ በካሬ ከፋፍለው ለብዙ ኩባንያዎች ፈቃድ ሰጡ። አንዱ ሲያጠፋ ሌላውን ማየት የሚቻለው ብዙዎች ሲሆኑ ነው።

በ1969 መጨረሻ፣ በገና ሰሞን፣ ኤኮፊስክ የተባለው ትልቅ ክምችት መገኘቱ ታወቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ ግን ለእኔ ከዘይቱ ግኝት የማያንስ ነገር ሆኖ ነበር። ፋሩቅ አል-ቃሲም የሚባል የባስራ ተወላጅ፣ የኢራቅ ጂኦሎጂስት፣ በ1968 የግንቦት ወር ኦስሎ ባቡር ጣቢያ ወረደ። ሚስቱ ኖርዌጂያዊት ናት፤ የመጡትም ታናሹን ልጃቸውን ለማሳከም ነው። ወደ ሚስቱ የትውልድ ቀዬ የሚወስደው ባቡር እስኪመጣ ሰዓታት ስለቀሩት ወደ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሄዶ፣ በአገሪቱ የሚሠሩትን የነዳጅ ኩባንያዎች ዝርዝር ስጡኝ፣ ሥራ ልጠይቃቸው ነው አለ። ሰዎቹ የቁፋሮ ውጤት የያዘ ወረቀት እየተቆለለባቸው፣ የሚያነብላቸው ባለሙያ አጥተው ነበር። ቀጠሩት። በኋላ የመንግሥቱን የነዳጅ አስተዳደር ከቀረጹት ሰዎች አንዱ ሆነ። ባስራ የውጭ ኩባንያ ሲሠራ ያየ ሰው ነውና የማይደገመው ነገር ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። እንደ እሱ ወረቀቱን ይዞ ደጅ የጠና ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ እኔንም ደስ ይለኛል።

በ1971 ፓርላማው አሥር የነዳጅ መርሖዎችን አጸደቀ። ከነዚህ አንዱ፣ ለአጭር ጊዜ ሙከራ ካልሆነ በቀር ጋዝ እንዲሁ እንዳይቃጠል ይከለክላል። ያ ሁሉ ቧንቧና ማጣሪያ፣ የእኔም እንጀራ፣ ከዚያች ክልከላ የመጣ ነው ብል አልተሳሳትኩም፤ ማቃጠል ከተከለከለ ጋዙን አንድ ቦታ መውሰድ ግድ ነውና። በ1972 ስታቶይል የተባለው የመንግሥት ኩባንያና የነዳጅ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተቋቋሙ፤ ሁለቱም ኦስሎ ሳይሆን ስታቫንገር። ይህን ነገር ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያለበት ከተማ ኩባንያው ቢሮ ይከፍታል፤ ቢሮ የተከፈተበት ከተማ መሐንዲስ ይቀጠራል፣ ቤት ይከራያል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይገባል። ስታቫንገር ያኔ የሰርዲን ቆርቆሮ ከተማ ነበረች። ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ ነበር፤ ጨርሶ ሳይጠፉ ሌላ ሥራ ደረሰላት።

የዚያው የ1972 የነዳጅ ደንብ 54ኛ አንቀጽ እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ሳይሆን ሐሳቡን ነው የምነግራችሁ። ባለ ፈቃዱ ኩባንያ የኖርዌይ ዕቃና አገልግሎት በዋጋ፣ በጥራትና በማስረከቢያ ጊዜ ተወዳዳሪ ከሆነ ያንኑ ይጠቀም። ተወዳዳሪ ካልሆነ አይገደድም። አንቀጹ ጥርስ ያገኘው ግን ሚኒስቴሩ ውስጥ በተቋቋመ አንድ ትንሽ ቢሮ ነው። ኩባንያው ጨረታ ከማውጣቱ በፊት የሚጋብዛቸውን ድርጅቶች ዝርዝር ለዚያ ቢሮ ያሳያል። ቢሮው “እዚህ ውስጥ የእኛ አገር ድርጅት ለምን የለም?” ብሎ ይጠይቃል። ሥራውን ለእነሱ ስጥ አይልም፤ በር መዝጋት ግን አይቻልም። ቀጣዩን ፈቃድ የሚሰጠው ያው መንግሥት ስለሆነ ኩባንያው ጥያቄውን ዝም ብሎ አያልፈውም። ከ1979 ጀምሮ ደግሞ ፈቃድ ሲሰጥ የምርምር ውል ተጨመረበት፤ ለመስኩ ልማት የሚያስፈልገው ጥናት በአብዛኛው በኖርዌይ ዩኒቨርሲቲዎችና ላቦራቶሪዎች እንዲሠራ።

ስታቶይልም ቢሆን ሥራውን ተምሮ ነው የወሰደው። በ1974 የተገኘውን ስታትፍዮርድ የተባለውን ግዙፍ መስክ መጀመሪያ ያስኬድ የነበረው ሞቢል ነው። የስታቶይል ሰዎች አጠገቡ ተቀምጠው እያዩ፣ እየጠየቁ፣ እየሠሩ ቆዩ፤ መሪውን የተረከቡት በ1987 መግቢያ ነው። ስንት ዓመት እንደፈጀ ቁጠሩት።

የድሬዳዋ ልጅ ስለሆንኩ ሙያ ሥራው በተተከለበት ቦታ ማደጉ አይገርመኝም። ድሬዳዋን ባቡር ነው የወለዳት፤ ሐዲዱ በ1902 ባይደርስ ኖሮ ከተማዋም አትኖርም ነበር። አባቴ የምድር ባቡር ዎርክሾፕ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ፈረንሳዮቹ ባቡሩን ሲያመጡ ለእኛ ሙያ እናስተምር ብለው አልነበረም፤ ግን ጅቡቲ ድረስ ለእያንዳንዷ ብሎን መላክ ስለማያዋጣ ቶርኖውን፣ ማቅለጫውን፣ ብየዳውን ድሬዳዋ አቆሙት። ከአባቴ ጋር የሠሩት ሰዎች ፋብሪካ ውስጥ፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ገብተው የከተማዋን እጅ አቀኑ። ያ ሁሉ የሆነው ዎርክሾፑ እዚያው ስለተተከለ ነው። ሌላ ቦታ ተተክሎ ቢሆን ድሬዳዋ ባቡር የሚቆምባት ጥላ ብቻ ትሆን ነበር።

ስታቫንገር ላይ የተተከለው ደግሞ ኮንክሪት ነው። የሰሜን ባሕር በኖርዌይ በኩል ጥልቅ ነው፣ ማዕበሉም ክፉ ነው፤ የአሜሪካኖቹ የብረት እግር እዚያ የለመደ አልነበረም። የኖርዌይ ግንበኞች ግን በፍዮርዶቻቸው ዳር፣ ውኃው ጥልቅና ጸጥ ባለበት፣ ኮንክሪት ማማ መገንባት ይችሉ ነበር። የኤኮፊስክን ግዙፍ ኮንክሪት ታንክ በ1973 ከዚሁ አካባቢ በመርከብ ጎትተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አንዱ ከአንዱ እየበለጠ ሄደ። በ1995 ለጋዝ የተሠራው ትሮል ኤ መድረክ ከሥር እስከ ጫፍ 472 ሜትር ነበር፤ ቆሞ፣ ባሕር ላይ ተጎትቶ ቦታው ደረሰ። ማንም ሰው ከዚያ የሚረዝም ነገር ከቦታ ወደ ቦታ አንቀሳቅሶ አያውቅም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያኔ ልጅ ነበር፤ አባቱ የሠራውን ሲያልፍ ለማየት ዳር ላይ ቆመው እንደነበር ነግሮኛል።

መሳሳትም ነበር። ነሐሴ 1991 ስላይፕነር ኤ የተባለው የጋዝ መድረክ ኮንክሪት እግሩ እዚሁ ስታቫንገር አጠገብ ፍዮርዱ ውስጥ እየተሞከረ ሳለ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሰመጠ። በኮምፒውተር የተሠራው ስሌት ግድግዳው የሚሸከመውን ኃይል አሳንሶ ገምቶት ነበር። ሰው አልሞተም። አዲስ እግር ሠርተው በ1993 ጋዙ ለአውሮፓ ገዢዎች በቃሉ ደረሰ። ስህተቱን ያገኙትም፣ ያስተካከሉትም እዚያው አገር ያሉ ሰዎች ናቸው። ከውጭ ተሠርቶ የመጣ ዕቃ ቢሆን የሚጠይቁት ሰው ፍለጋ ዓመት ይፈጅ ነበር።

ስለ ሥራ ስናወራ ስለ ሞት ዝም ብለን አናልፍም። መጋቢት 27 ቀን 1980 ምሽት ላይ፣ ኤኮፊስክ አካባቢ ለሠራተኛ ማደሪያ የሚያገለግል አሌክሳንደር ኪየላንድ የተባለ ተንሳፋፊ መድረክ አንድ እግሩ ተገንጥሎ ተገለበጠ። 212 ሰዎች ነበሩበት፤ 123ቱ ሞቱ። ምርመራው የደረሰበትን ልንገራችሁ። እግሩን ከሌላው አካል ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ላይ አንድ የድምፅ መቀበያ መሣሪያ ማስቀመጫ ተበይዶበት ነበር። ብየዳው የስድስት ሚሊ ሜትር ነበር፤ ጥራቱም ደካማ። ማንም እንደ ዋና ነገር አልቆጠረውም፤ መድረኩን የሚሸከም አልነበረምና። ስንጥቁ ከዚያች ብየዳ ተነሥቶ፣ በማዕበሉ ምት እያደገ እያደገ ሄዶ ዘንጉን በጠሰው። ከስታቫንገር ዳር፣ ባሕሩ ፊት ለፊት፣ የተበጠሰ ሰንሰለት ቅርጽ ያለው መታሰቢያ አለ። አዲስ ተለማማጅ ሲመጣልኝ በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ እወስደዋለሁ። ስድስት ሚሊ ሜትር ስንት እንደሆነች በጣቴ አሳየዋለሁ። ከዚያ በኋላ “ይቺ ትንሽ ናት፣ ማን ያያታል” አይለኝም።

ከአደጋው በኋላ የደኅንነት ሕጉ ጠበቀ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱም ድምፅ ከፍ አለ። ዛሬ ባሕር ላይ የሚሠራ ሰው ሁለት ሳምንት ሠርቶ አራት ሳምንት ቤቱ ያርፋል፤ ከመሄዱ በፊት የሄሊኮፕተር ቅርጽ ባለው ሳጥን ውስጥ ታስሮ፣ ውኃ ውስጥ ተገልብጦ፣ እንዴት መውጣት እንዳለበት ይማራል። የአገሬው ሰው ሥራ አገኘ የሚባለው ሥራው ሰው ይዞ በደኅና የሚመልሰው ሲሆን ነው። በቁጥር ብቻ “ይህን ያህል ሺህ ሰው ተቀጠረ” ሲባል፣ በምን ደሞዝ፣ በምን ውል፣ በምን ጫማ ብዬ እጠይቃለሁ።

የሥራው ቁጥርም ቢሆን እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ የእህቴ ልጅ በጣም ያልገባው ይህ ነበር። ፍለጋ ላይ አንድ ጉድጓድ በጥቂት ወራት ይቆፈራል፤ የሚቆፍሩት ከአገር አገር የሚዞሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ለከተማው የሚተርፈው የመጋዘን፣ የጀልባና የምግብ ሥራ ነው። ግንባታ ሲጀመር ሺዎች ይፈለጋሉ፤ ለሦስት፣ ለአራት ዓመት። ከዚያ ግንባታው ያልቅና ማጣሪያውን የሚያስኬዱት ጥቂት መቶ ሰዎች ይቀራሉ፤ እነሱ ግን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት። ከተማ የሚሳሳተው በግንባታው ዘመን ያየው ሰው ሁሉ ለዘላለም የሚኖር ሲመስለው ነው። ሆቴል ይሠራል፣ ቤት ይሠራል፣ ቀጥሎ ባዶ ይቀራል። ተለማማጅ መያዝ ያለበት በግንባታው ወቅት ነው፤ ለመማር በቂ ሥራ ያለው ያኔ ብቻ ነውና። እዚህ ልጆቹ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ድርጅት ውስጥ በደሞዝ እየሠሩ ተምረው የሙያ ወረቀት ይወስዳሉ። እኔ ሥር ያለፉት አሁን ራሳቸው ፎርማን ሆነዋል።

በ2006 ለሰባት ወር በሰሜን ጫፍ ሐመርፌስት አጠገብ ሜልኮያ የምትባል ደሴት ላይ ሠርቻለሁ። ከባሕር ወለል 140 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ የሚመጣውን የስኖቪት ጋዝ ከዜሮ በታች 163 ዲግሪ አቀዝቅዞ ፈሳሽ የሚያደርግ ማጣሪያ ነው። ጋዙ ፈሳሽ ሲሆን መጠኑ ስድስት መቶ ጊዜ ያህል ስለሚቀንስ በመርከብ ይጫናል። ባሕሩ ላይ አንድም መድረክ አይታይም፤ ሁሉም ወለሉ ላይ ነው። ክረምቱን ፀሐይ ሳናይ አሳለፍነው። የማጣሪያው ልብ የሆነው ክፍል ተሠርቶ የመጣው ከእስፔን በመርከብ ነው። ኖርዌይ በ1994 የአውሮፓን የጋራ ገበያ ስትቀላቀል ለአገር ልጅ ቅድሚያ የሚሰጠው የድሮ አንቀጽ ቀርቶ ነበርና። የአገሬው ድርጅቶች ግን ያኔ በራሳቸው እጅ መወዳደር ችለው ነበር።

ሐመርፌስት አሥር ሺህ ሰው ገደማ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በጦርነቱ ጀርመኖች ሲያፈገፍጉ ከአንዲት የቀብር ጸሎት ቤት በቀር አቃጥለዋታል። እኔ ስደርስ ትምህርት ቤቶቿ እየታደሱ፣ መንገዷ እየተሠራ ነበር፤ በኋላ ትልቅ የባህል ማዕከልም ሠራች። ገንዘቡ የመጣው ማጣሪያው ለማዘጋጃ ቤቱ ከሚከፍለው የንብረት ግብር ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። በኖርዌይ ባሕር ላይ የቆመ መድረክ ለማንም ማዘጋጃ ቤት የንብረት ግብር አይከፍልም፤ መሬት ላይ ያረፈ ማጣሪያ ግን ይከፍላል። ስለዚህ ቧንቧው የት መሬት ይነካል የሚለው ጥያቄ ለጠረፍ ከተማ የሕይወት ጥያቄ ነው። ዋናውን ገቢ መንግሥት ይወስደዋል፤ የነዳጅ ኩባንያ ከትርፉ 78 በመቶ ግብር ይከፍላል፣ ገንዘቡም ውጭ አገር ኢንቨስት ወደሚያደርግ ትልቅ ፈንድ ይገባል። ፈንዱን ሁሉም ስለሚያወራው አልመለስበትም።

ቧንቧው የት መሬት እንደሚነካ ካልታሰበበት ምን እንደሚሆን ለማየት ወደ ራሳችን አህጉር መምጣት ይበቃል። በደቡብ ታንዛኒያ ምትዋራ የምትባል ከተማ አለች። ጋዝ በአካባቢዋ ተገኘ፤ መንግሥት ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ዘርግቶ ወደ ዳሬሰላም ሊወስደው ወሰነ። ሕዝቡ ፋብሪካውም ሥራውም እዚህ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ነበር። በ2013 ረብሻ ተነሣ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። ቧንቧው ለአገር የሚጠቅም አልነበረም አልልም፤ ዳሬሰላም መብራት ያስፈልጋታል። ግን ጋዙ በደጁ የሚያልፈው ሰው ከምን ላይ ምን እንደሚደርሰው ቀድሞ ያስረዳው አልነበረም። ከታንዛኒያ በታች በሞዛምቢክ ደግሞ ኮራል ሱል የተባለ ተንሳፋፊ ማጣሪያ አለ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ተሠርቶ፣ ባሕር አቋርጦ መጥቶ፣ ከ2022 ጀምሮ ጋዙን እዚያው ውኃ ላይ አቀዝቅዞ በመርከብ ይጭናል። እኔ በሥራው እደነቃለሁ፤ የእጅ ሥራ ነውና። ነገር ግን መሬት ያልነካ ቧንቧ ማለት ይህ ነው። ካቦ ዴልጋዶ ጠረፍ ላይ ላለ ወጣት በያጅ እዚያ ላይ ለመድረስ መንገዱ ከስታቫንገሩ ልጅ አሥር እጥፍ ይረዝማል፤ በጦርነት መካከል ደግሞ።

የታንዛኒያ መንግሥት በ2015 ባወጣው የነዳጅ ሕግ ስለ አገር ውስጥ ተሳትፎ ጽፏል። ብዙ አገሮችም ጽፈዋል። የሚያሳስበኝ በወረቀት የሚሟላ ተሳትፎ ነው። አንድ ባለሥልጣን የሚያውቀው ሰው ስሙን አስመዝግቦ ድርጅት ይከፍታል፤ ሥራው ውጭ ይሠራል፣ እሱ ኮሚሽን ይወስዳል፣ ዘገባው ላይ “በአገር ውስጥ ድርጅት ተሠራ” ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ የሚቆጠረው የባለቤቱ ዜግነት ብቻ መሆን የለበትም። ብየዳው የት ተበየደ? ስንት ልጅ ፈተና አለፈ? ስንት የሥራ ሰዓት በዚያ ወረዳ ሰው ተሠራ? ይህን በየዓመቱ ለሕዝብ የሚያሳውቅ ቢሮ ካለ ነገሩ ይለወጣል። ጨረታውም ቢሆን አንድ ግዙፍ ጥቅል ሆኖ ከወጣ ትንሽ ድርጅት አይችለውም፤ ተቆራርጦ ሲወጣ አጥሩን፣ ካምፑን፣ የውኃ መስመሩን፣ የድጋፍ ብረቱን የአካባቢው ሰው ይወስዳል።

ሁሉም መልካም ነው ማለቴ አይደለም። በ2014 የዘይት ዋጋ ሲወድቅ በዚህ አገር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከሥራ ወጣ። እኔም በ2016 ስምንት ወር ቤቴ ተቀመጥኩ። ማለዳ ተነሥቶ የሚሄድበት ማጣት ምን እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅኩት። በኋላ የጠራኝ የዓሣ እርባታ ጀልባ የሚሠራ ዎርክሾፕ ነው። ማሽኑ ሌላ፣ ምርቱ ሌላ፤ ስድስት ቁጥር ላይ ያለው የቀለጠ ብረት ግን ያው ነው። ያችን ፈተና ወድቄ ስማር የከረምኩባቸው ሦስት ወራት ጋዝ ባልነበረበት ዓመት እንጀራ ሰጡኝ።

ወደ ልጁ ልመለስ። በሁለተኛው ቀን ደውዬ እንዲህ አልኩት፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት 98ኛው አንቀጽ ከነዳጅና ከጋዝ የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ ፌደራሉና ክልሉ በጋራ እንደሚጥሉና እንደሚሰበስቡ ይደነግጋል። ያ ለመንግሥቶቹ ነው። አንተ ግን የምትጠይቀው ሌላ ነው። ኩባንያው በያጅ የሚፈትነው በየትኛው ደረጃ ነው? ፈተናውን አገር ውስጥ የሚሰጠው ማነው? ጂግጂጋ ወይም ጎዴ ያለው ኮሌጅ አርጎን ጋዝ፣ የማይዝግ ቧንቧና ራጅ ማንሻ አለው ወይ? ሕጋዊ ሆኖ የሚፈተነው ልጅ የዚያ ቀዬ ልጅ ነው ወይስ አንተን ከድሬዳዋ ለመውሰድ የሶማሌው ልጅ ይታለፋል? ይህን የመጨረሻውን ስነግረው ዝም አለ። ካሉብ ላይ የግመሉ ባለቤት ልጅ ቀድሞ ወረፋ መያዝ እንዳለበት ለመናገር አላፈርኩም፤ ጋዙ የሚወጣው ከእሱ ግጦሽ ሥር ነው።

“እኔስ ታዲያ?” አለኝ።

አሮጌ ቧንቧ ፈልግ አልኩት። ጫፉን በግራይንደር ሠላሳ ዲግሪ አሹለው፣ ግድግዳ ላይ በ45 ዲግሪ እሰረውና በይድ፤ ከዚያ ለሁለት ሰንጥቀህ የውስጡን ፎቶ ላክልኝ።

ትናንት ማታ ፎቶው መጣ። ከአሥራ ሁለት ቁጥር እስከ አራት ቁጥር ድረስ ሩቱ ወጥ ነው፣ ያምራል። አምስት ላይ መቅጠን ይጀምራል። ስድስት ቁጥር ላይ፣ በግራ በኩል፣ ያችው መስመር አለች። ፎቶውን አጉልቼ በቀይ ከበብኩላት፤ ኤሌክትሮዱን ምን ያህል ማዘንበል እንዳለበትም በድምፅ ቀርጬ ላክሁለት። በዚህ ሳምንት ሌላ ቧንቧ እንደሚያገኝ ጽፎልኛል።